ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ሉሕ
የጁሙዓ ኹጥባ፣ ኡም ራኩባ

አልሐምዱሊላህ! ምስጋና ሁሉ በብዕር ላስተማረው፣ ለሰው ልጅ የማያውቀውን ላሳወቀው ጌታ ይገባው። እርዳታውን እንለምነዋለን፣ ምሕረቱን እንጠይቀዋለን፤ ከነፍሳችን ክፋትና ከሥራችን ብልሽት በእርሱ እንጠበቃለን። ከአላህ በስተቀር በእውነት የሚመለክ አምላክ እንደሌለ፣ ሙሐመድም ባሪያውና መልእክተኛው እንደሆኑ እንመሰክራለን። የአላህ ሶላትና ሰላም በእርሳቸው፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

አማ በዕድ። የአላህ ባሮች ሆይ! ራሴንም እናንተንም አላህን በመፍራት አደራ እላለሁ። ተቅዋ መስጊድ ውስጥ ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። በገበያ ሚዛን ላይ ይታያል፣ በጉርብትና ይታያል፤ ዛሬ ልናገርበት በመጣሁት ጉዳይም ይታያል። ጉዳዩ ልጆቻችንን የምናስተምርበት መንገድ ነው።

ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በኅዳር 2013 ዓ.ም ጦርነት ሸሽታችሁ፣ ተከዜን በሐምዳይት በኩል፣ ወይም ድንበሩን በሉግዲ በኩል ተሻግራችሁ የመጣችሁ ናችሁ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ወደ ሱዳን ሲገባ ማስፈሪያ ቦታ ጠፋና፣ ለብዙ ዓመታት ተዘግቶ የኖረው የኡም ራኩባ መጠለያ እንደገና ተከፈተ። ይህ መሬት ለሐበሻ ስደተኛ አዲስ አይደለም። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከትግራይም ከጎንደርም ከወሎም የመጣ ረሃብተኛ እዚሁ ሰፍሮበታል። ከጎንደር በእግራቸው የመጡ ቤተ እስራኤላውያን ማንነታቸውን ደብቀው ተራቸውን የጠበቁትም እዚህ ነው፤ ብዙ ሕፃናትና ሽማግሌዎቻቸው እዚሁ አፈር ለብሰዋል። የምንረግጠው መሬት ስንቱን እንዳቀፈ ብናውቅ ኖሮ አረማመዳችንን እናቀል ነበር።

እስቲ ከመማሪያ ክፍሎቻችን ወደ አንዱ እንግባ። ሸራና ቆርቆሮ ነው። አንድ አግዳሚ ላይ የዘጠኝ ዓመት ልጅና የአሥራ አምስት ዓመት ጎረምሳ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱም አንድ ክፍል ናቸው፤ ጎረምሳው ሊማርባቸው የሚገባው ዓመታት በጦርነትና በመንገድ አልቀዋል። ከኋላቸው ያለችው ልጅ ከእናቷ ጋር በትግርኛ፣ ከጎረቤት ጋር በአማርኛ፣ ገበያ ስትወርድ በአረብኛ ትነጋገራለች፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ግን ከሦስቱ አንዱም አይደለም፣ እንግሊዝኛ ነው። በር አጠገብ የተቀመጠው ልጅ የሎሪ ድምፅ በሰማ ቁጥር ብድግ ይላል። መምህሩስ? እርሱም ስደተኛ ነው። ኢንሴንቲቭ በሚሏት ጥቂት ገንዘብ የሚያስተምር፣ ከሰዓት በኋላ ለቤቱ እንጨት የሚለቅም ሰው ነው። ለእነዚህ ሁሉ አንድ ነገር በአንድ አፍና በአንድ ፍጥነት ተናግረን፣ ማታ «አስተምሬአለሁ» ብለን መተኛት እንችላለን ወይ?

መምህሩን ልወቅስ አልመጣሁም። ሰባና ሰማንያ ልጅ ፊት ባዶ እጁን የቆመን ሰው በሚንበር ላይ ሆኖ መውቀስ ቀላል ነው። ግን ስንቶቻችን ነን «ይሄ ልጅ ደደብ ነው» ብለን የፈረድነው? አባት ይላል፣ እናት ትላለች፣ ኡስታዙም ይላል። ጭንቅላቱ ድንጋይ ነው፣ አይገባውም፣ ፍየል ቢጠብቅ ይሻለው ነበር እንላለን። አልገባውም የተባለውን ልጅ ግን በስንት መንገድ ነገርነው? ብዙውን ጊዜ መልሱ «በአንድ» ነው። ያንኑ አንድ መንገድ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ደገምነው፤ እርሱም ካልሠራ አለንጋ ጨመርንበት።

ወንድሞቼና እህቶቼ! ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከአንድ ማዕድ የተለያየ ሰው ያጠገቡ መምህር ነበሩ። ከደረሶቻቸው ጥቂቶቹን ብቻ እንይ። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ከየመን በሰባተኛው ዓመተ ሂጅራ መጥቶ ከነቢዩ ጋር የቆየው አራት ዓመት ገደማ ነው። አይጽፍም ነበር፤ የሚይዘው በጆሮው ነው። የሰማው እየጠፋበት ሲቸገር ሄዶ አመለከተ፤ ነቢዩም ኩታውን እንዲዘረጋ አዘዙት፤ ከዚያ ወዲያ መርሳቱ ቀረለት። ዛሬ ከእርሱ የተላለፈልን ዘገባ ከ5 ሺህ በላይ ነው። ይኸው አቡ ሁረይራ ግን ከእኔ ይበልጥ የያዘ ዐብዱላህ ኢብን ዐምር ነው፣ እርሱ ይጽፍ ነበርና እኔ አልጽፍም ብሎ መስክሯል። ልብ በሉ፤ መምህሩ አንድ፣ መስጊዱ አንድ፣ ትምህርቱም አንድ ነው። አንዱ ደረሳ በጆሮው ያዘ፣ ሌላው በብዕሩ። ሰዎች ዐብዱላህን «ነቢዩ ሰው ናቸው፣ ይቆጣሉ ይደሰታሉ፣ የሚናገሩትን ሁሉ እንዴት ትጽፋለህ?» ብለው ሲያስቆሙት ሄዶ ጠየቀ። ነቢዩ ወደ አፋቸው አመልክተው ከዚህ ከእውነት በቀር አይወጣምና ጻፍ አሉት። የጻፈውም ጥራዝ «ሶዲቃ» ተብሎ በታሪክ ይታወቃል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ነቢዩ አቡ ሁረይራን «አንተም እንደ ዐብዱላህ ካልጻፍክ» አላሉትም። ዐብዱላህንም «ጥሩ ተማሪ በቃሉ ነው የሚይዘው» ብለው አላሳፈሩትም። መካ በተከፈተችበት ዓመት ደግሞ አቡ ሻህ የሚባል የየመን ሰው ንግግራቸውን ሰምቶ ሲያበቃ እንዲጻፍለት ለመነ። ወደ አገሩ ሊመለስ ነው፣ እንደ መዲና ሰው ነገ መጥቶ ደግሞ መስማት አይችልም። ነቢዩም እንዲጻፍለት አዘዙ፤ ጉዳዩ በአንድ ቃል አለቀ። ለመንገደኛ የመንገደኛ ትምህርት ሰጡት ማለት ነው፤ እኛም እዚህ ያለነው ሁላችን መንገደኞች ነን።

እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) ሌላ ዓይነት ተማሪ ነበረች። ያልገባትን ነገር እስኪገባት ድረስ መልሳ መላልሳ ትጠይቅ ነበር። ዛሬ በክፍላችን ውስጥ ሦስት ጊዜ እጇን ያወጣች ልጅ ምን ትባላለች? «ለፍላፊ፣ ቁጭ በይ» ትባላለች። የመዲና ሴቶችም ወንዶቹ እንደበለጧቸው ለነቢዩ አመልክተው የራሳቸው ቀን ተሰጥቷቸዋል። ሴት ልጆቻችሁ ውኃ ስለሚቀዱ ጠዋት ላይ ካልመጡ፣ ሰዓቱ ወደ እነርሱ ይሂድ እንጂ እነርሱን «ሰነፎች» ብሎ ከመዝገብ መሰረዝ ሱና አይደለም።

ሌላም ታሪክ አለ፤ ይህኛው ከእኛው አገር ነው። ከእናንተ ውስጥ ነጃሺን የዘየራችሁ፣ ውቅሮ አካባቢ የተወለዳችሁ ትኖራላችሁ። ሰሓባዎች ከመካ ሸሽተው ሐበሻ በገቡ ጊዜ ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስን ስጦታ አስይዘው ላኩባቸው፤ ስደተኞቹ ተላልፈው እንዲሰጧቸው። ንጉሡ ነጃሺ ስደተኞቹን አስጠርቶ ነገራቸውን ጠየቀ። ለመናገር የተነሣው ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ነበር። ከቁርአን እንዲያነብ ሲጠየቅ የመረጠው ምን ነበር? በልቡ የያዘው ብዙ ነው። ስለ ጣዖት የወረደውን ማንበብ ይችል ነበር፣ ስለ መጨረሻው ቀን የሚያስፈራውንም ማንበብ ይችል ነበር። ክርስቲያን ንጉሥ ፊት፣ ጳጳሳት መካከል ቆሞ የመረጠው የሱረቱ መርየምን መጀመሪያ ነው፤ የዘከሪያን፣ የየሕያንና የመርየምን ታሪክ። ንጉሡ ጺሙ እስኪርስ አለቀሰ። ይህንን የነገረችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ራሷ ከስደተኞቹ አንዷ ነበረች።

ጀዕፈር ያደረገው መለሳለስ አልነበረም። ቃሉን አልቀነሰም፣ አላጣመመም፤ ስለ ዒሳ ሲጠየቅም ያመነበትን በግልጽ ተናገረ። ግን መግቢያውን ከሰሚው በር አደረገው። ትምህርትን ለተማሪው ማስማማት ማለት ይኸው ነው። ትምህርቱ አይቀልም፣ መግቢያው ይመረጣል እንጂ። ሰሚውን ሳያይ የሚያስተምር ሰው ለራሱ ነው የሚያወራው።

እሺ፣ እኛ ዘንድ በሩ የት ነው? አንድ ነገር ላሳያችሁ። ክፍልፋይ የሚባል ትምህርት አለ፤ ልጆች ከሚያለቅሱባቸው ትምህርቶች አንዱ ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ 3/4 ብሎ ይጽፋል። የአሥር ዓመት ልጅ ትነሣለች፣ ዝም ትላለች፣ ትቀመጣለች። ከክፍል ስትወጣ ወደ ቧንቧው ትሄዳለች። ጀሪካኑ 20 ሊትር የሚይዝ ነው። ሙሉውን እንደማትችለው ታውቃለች፤ ሞልታው መንገድ ላይ ካስቀመጠችው የሚያነሣላት የለም። ስለዚህ ከጀሪካኑ ሩብ ያህል ጎደሎ ትታ ትዘጋዋለች። 15 ሊትር ሆነ ማለት ነው። ሰሌዳው ላይ ዝም ያለችው ልጅ ሦስት አራተኛን በየቀኑ በጀርባዋ ትሸከመዋለች! መምህሩ አንድ ጀሪካን ክፍል ውስጥ አምጥቶ በከሰል አራት መስመር ቢያሰምርበት፣ ውኃ እየጨመረ «አሁን ስንት ሆነ?» ቢላት፣ ከዚያ ያንኑ በቁጥር ሰሌዳው ላይ ቢጽፍላት ነገሩ አበቃ። የሑመራና የገዳሪፍ ልጅ ሰሊጥ በኩንታል ሲመዘን፣ ማሽላ በጆንያ ሲሰፈር እያየ ያደገ ነው። ሒሳብ አያውቅም የሚለው ማን ነው?

ሰሌዳ የለንም፣ ቾክ አልቋል ለምትሉም አንድ ታሪክ አለ። ዐብዱላህ ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ) እንደነገረን ነቢዩ አንድ ቀን መሬት ላይ አራት ማዕዘን ሠሩ። መሐሉ ላይ አንድ መስመር አሰመሩ፣ መስመሩ ከአራት ማዕዘኑ አልፎ ወደ ውጭ ይወጣል። ከግራና ከቀኝ ወደዚያ መስመር የሚያመለክቱ ትናንሽ ጭረቶች አደረጉ። ከዚያ አስረዱ፦ መሐሉ ያለው ሰው ነው፤ ዙሪያውን የከበበው ዕድሜው ነው፤ ወደ ውጭ የወጣው ምኞቱ ነው፤ ትናንሾቹ የሚያገኙት መከራዎች ናቸው፣ አንዱ ቢስተው ሌላው ይይዘዋል። ስለ ምኞትና ስለ ሞት በቃል ብቻ ብዙ ቢነገር ሰው ያንቀላፋ ነበር። በዓይን የታየ ግን ቀረ፤ አንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት አልፎትም እኔ ዛሬ ሳልቸገር ልነግራችሁ ቻልኩ። መሬት ደግሞ እዚህ ሞልቷል። በክረምት ጭቃው ጫማ ይነጥቃል እንጂ በበጋ ከዚህ የሰፋ ሰሌዳ የለም።

የራሳችንን ቅርስም እናስታውስ። ከሱዳን ወንድሞቻችን ኸልዋ፣ ከቁርአን ቤታቸው፣ ገብቶ ያየ ሰው አለ? ሸኹ ተቀምጠዋል፣ ልጆች ዙሪያቸውን ሉሕ፣ የሚጻፍበትን ጣውላ፣ በጉልበታቸው ላይ አድርገው ከብበዋቸዋል። አንዱ ሱረቱል በቀራ ላይ ነው፣ አንዱ ያሲን ላይ፣ ትንሹ ገና ከመጨረሻዎቹ አጫጭር ሱራዎች ጋር ይታገላል። እያንዳንዱ የደረሰበትን የመጨረሻ ቃል ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ሸኹ ከቃላቸው ቀጣዩን ይሰጡታል፤ ወዲያው ወደ ሌላው ይዞራሉ። ከጥላሸትና ከሙጫ በተሠራው ቀለም ይጽፋል፣ ያጠናል፣ ያስደምጣል። ያልያዘ አያጥብም፣ የያዘ አጥቦ አዲስ ይጽፋል። ባለ አንድ ወሩም ባለ ሦስት ዓመቱም አንድ ጥላ ሥር ናቸው፤ ማንም ማንንም አይጠብቅም፣ ማንም ማንንም አያስቸኩልም።

ወሎ ውስጥም እንደ ዳና ባሉ የትምህርት ማዕከሎች ኪታብ የሚቀራ ደረሳ ነገሩን ያውቀዋል። ፊቅሁን ከአንዱ ሸኽ፣ ነሕዉን ከሌላው ፍለጋ ተራራ ተሻግሮ ይሄዳል፤ የበሰለው ደረሳ ለጀማሪው ያቀራል። ጎረቤቶቻችን ክርስቲያኖችም የቄስ ትምህርት ቤት ውስጥ ፊደል የቆጠሩት እንዲሁ ነው፤ ዳዊት የደገመው ልጅ ፊደል የሚቆጥረውን ያስቆጥራል። መጻፍ ማንበብ ለማያውቀው ገበሬና እረኛ ደግሞ እንደ ሼህ ጦልሃ ጃፈር ያሉ ዑለማዎች ዲኑን በአማርኛ መንዙማ አድርገው በዜማ አስገቡለት። እናቶቻችን ስንቱን የዲን ጉዳይ የያዙት ድቤ እየተመታ ነው! የመንዙማን ነገር ስናነሣ ፊታቸውን የሚያጨማድዱ ወንድሞች እንዳሉ አውቃለሁ፤ የእነርሱ ክርክር ለሌላ ቀን ይቆይልን። እኔ የምለው እነዚያ ሸኾች ሕዝባቸውን አይተው ነበር፣ ነው።

አያቶቻችን እንግዲህ «ሁሉም አንድ ገጽ ላይ ይሁን» የሚል ትምህርት አልነበራቸውም። ያንን ያመጣነው ደወልና ክፍለ ጊዜ ስናመጣ ነው። ደወሉ ይቅር አልልም፤ ያለ ደወል ሰባ ልጅ አይገዛም። አያቶቻችን ፍጹም ነበሩም አልልም፤ በሰንሰለት የታሰረ፣ በአለንጋ ጀርባው የተላጠ ልጅም በቁርአን ቤቶች ውስጥ ነበረ፣ ዛሬም አለ፣ ይህንን መደበቅ አይገባንም። ሉሑን እንውረስ፣ ሰንሰለቱን እንጣል።

ይህንን እላለሁ፤ ለእኔም ለእናንተም አላህን ምሕረት እለምናለሁ። ምሕረቱን ለምኑት፤ እርሱ መሓሪ አዛኝ ነው።

ኹለተኛው ኹጥባ

አልሐምዱሊላህ፤ ወሶላቱ ወሰላሙ ዐላ ረሱሊላህ።

የአላህ ባሮች ሆይ! በመጀመሪያው የተናገርኩትን አጣምሞ የሚወስድ እንዳይኖር አንድ ነገር ልጨምር። ሥልጠና የሄዳችሁ መምህራን ታውቁታላችሁ፤ ሻይና ብስኩት ይቀርባል፣ ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ «ተማሪዎች ሦስት ዓይነት ናቸው፤ በዓይን የሚማሩ፣ በጆሮ የሚማሩ፣ በእጅ የሚማሩ» ይባላል። መምህሩም ተመልሶ ልጆቹን እንደ በግ ሦስት ቦታ መለየት ይጀምራል። ይህ ደካማ እውቀት ነው። በፈረንጆቹ 2008 ሃሮልድ ፓሽለርና ሌሎች ሦስት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን በጉዳዩ ላይ የተጻፈውን መርምረው ነበር። ልጅን «የጆሮ ልጅ» ወይም «የዓይን ልጅ» ብሎ ለይቶ በዚያው ብቻ ማስተማር የተሻለ ውጤት እንደሚያመጣ የሚያሳምን ማስረጃ አላገኙም። ሰው የሚወደው መንገድ ሊኖረው ይችላል፤ የሚወደው መንገድ ግን ሁልጊዜ የሚጠቅመው አይደለም። እኔም ተኝቶ ማድመጥ እወዳለሁ፤ የሚተርፈኝ ግን እንቅልፍ ነው።

ነቢዩም መሬት ላይ ሲስሉ «በዓይን የምትማሩ ብቻ ኑ» አላሉም፤ ያው ጉባኤ ቃሉንም ሰማ፣ ሥዕሉንም አየ። ሶላትን በቃል ነገሩ፣ ሰግደው አሳዩ፣ አበላሽቶ የሰገደውን ሰው ደግሞ መልሰው መላልሰው አሰገዱት። መስማትም ማየትም መሥራትም ለሁሉም ነው። ለየልጁ የሚለያየው ሌላ ነገር ነው፤ የሚገባው ቋንቋ፣ የደረሰበት ደረጃ፣ ልቡ ውስጥ የተሸከመው፣ ሆዱ ውስጥ ያለው። ልጅን «ደደብ» ብሎ መፈረጅ በደል ነው። «የእጅ ልጅ ነው፣ መጽሐፍ አይሆነውም» ብሎ መፈረጅም ያው በደል ነው፣ ስሙ አምሮ መጣ እንጂ።

መምህራን ሆይ! አንድ ልጅ ከሰሌዳ መገልበጥ ካቃተው የመማር ስልቱን ከመመርመራችሁ በፊት ዓይኑን መርምሩ። ፊት አምጥታችሁ አስቀምጡት። ስትጠሩት ዞር የማይለው ልጅ ጆሮው ታሞ ይሆናል። ራሽን በዘገየበት ሳምንት አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ራሱን ጠረጴዛ ላይ የሚጥል ልጅ ሰነፍ አይደለም፣ ርቦት ነው። የሎሪ ድምፅ ሲሰማ የሚነሣውን ልጅ በሩ አጠገብ አታስቀምጡት፤ ግን ዘግታችሁም አታስጨንቁት። ዐይነ ስውሩ ኢብን ኡሙ መክቱም ሊማር ሲመጣ ፊት የተነሣው ለጥቂት ጊዜ ነበር፤ በዚያች ምክንያት ሱረቱ ዐበሰ ወርዳለች። ያ ሰው በኋላ የመዲና ሙአዚን ሆነ፤ ነቢዩ ለዘመቻ ሲወጡም ከተማዋን ለእርሱ አደራ ብለው የወጡበት ጊዜ አለ። ወደ ክፍላችሁ በዱላ እየተደገፈች የምትመጣ ልጅ ካለች ይህንን አስታውሱ።

ስለ አለንጋው አንድ ታሪክ ብቻ። ሙዓዊያ ኢብኑል ሐከም አስ-ሱለሚ የሚባል አዲስ ሰለምቴ ሶላት ላይ ቆሞ ሳለ አንድ ሰው አነጠሰ። ሙዓዊያ ጮክ ብሎ «የርሐሙከላህ» አለ። ሰው ሁሉ አፈጠጠበት። ይባስ ብሎ ምን ሆናችሁ ነው የምታዩኝ አለ። ጭናቸውን እየመቱ ዝም አሰኙት። ሶላቱ ሲያልቅ ምን እንደሚጠብቀው ገምቱ! ነቢዩ ሶላት ውስጥ የሰው ንግግር እንደማይገባ፣ ሶላት ተስቢሕና ተክቢራ ቁርአን ማንበብም እንደሆነ ነገሩት፤ በቃ። ያ ሰው ሲመሰክር ከእርሳቸው በፊትም ሆነ በኋላ እንደ እርሳቸው ያለ አስተማሪ እንዳላየ፣ እንዳልተቆጡት፣ እንዳልመቱት፣ እንዳልሰደቡት ተናግሯል። እኛ ልጅን የምንመታው ነቢዩ ባልመቱበት ስሕተት ነው።

ለመምህራን የምለምነው ብዙ አይደለም። በቀን አንዲት ሰዓት ልጆቹን በዕድሜና በክፍል ሳይሆን በሚችሉት ልክ አስቀምጧቸው፤ ፊደል ያልለየው ከፊደል፣ ቃል የሚያነበው ከቃል፣ ታሪክ የሚያነበው ከታሪክ ጋር። ሕንድ አገር ፕራታም የሚባል ድርጅት ይህንኑ በብዙ መንደሮች ሠርቶ ልጆች ማንበብ ችለዋል፤ ውድ መሣሪያም አላስፈለገውም። አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ጎረምሳ ከሕፃን ጋር ፊደል መቁጠር ካሳፈረው ደግሞ ለብቻው በማታ ይቁጠር። አዲስ ነገር ስታስተምሩ መጀመሪያ ልጁ ቤቱ በሚናገርበት ቋንቋ ንገሩት፣ ከዚያ ወደ መጽሐፉ ቋንቋ ውሰዱት። አላህ ራሱ መልእክተኛን ሁሉ በሕዝቡ ቋንቋ እንደላከ በሱረቱ ኢብራሂም ነግሮናል። ቁርአን እያነበበ የሚንተባተብ፣ የሚከብደው ሰው ሁለት ምንዳ እንዳለውም ነቢዩ አብሥረዋል፤ አላህ ሁለት ምንዳ የሚሰጠውን ልጅ እኛ ሁለት ጥፊ አንስጠው።

ወላጆች ሆይ! መምህሩ ልጃችሁን በቀን አራት ሰዓት ነው የሚያየው። ማታ የሚያቃዠው ነገር፣ የሚወደው ጨዋታ፣ ከመምጣታችሁ በፊት ስንተኛ ክፍል እንደነበረ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ሂዱና ንገሩት። መምህር ቤት የሚኬደው ልጅ ሲደበደብ ብቻ አይደለም። ማንበብ አንችልም የምትሉ እናቶች ደግሞ፣ ልጁ የተማረውን ማታ ለእናንተ ይንገራችሁ፣ እናንተ አድምጡት፤ የተማሩትን መልሶ መናገር ለማንኛውም ልጅ የሚጠቅም መንገድ ነው።

ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ወዲህ ሱዳን ራሷ በእሳት ላይ ናት። ከኻርቱም፣ ከወድ መደኒ የሸሸው ሰው ገዳሪፍ ሲገባ ትምህርት ቤቶቿ የተፈናቃይ ማደሪያ ሆኑ። ያስጠለሉን ሰዎች ተፈናቃይ ሆኑ። ስለዚህ መጽሐፍ ይመጣል፣ ድንኳን ይቀየራል ብለን የምንጠብቅበት ጊዜ አይደለም። ያለን እርስ በርሳችን ነን። የሱዳናውያኑ ልጆችም ወደ እኛ ጥላ ቢመጡ ቦታ እንልቀቅላቸው።

አላሁመ! ለልጆቻችን ጠቃሚ እውቀት ስጣቸው። ልባቸው የተሰበረውን ጠግንላቸው፣ ምላሳቸው የተሳሰረውን ፍታላቸው። ለመምህሮቻቸው ሰፊ ደረትና ሐላል ሲሳይ ስጣቸው። በስደት የሞቱብንን ማር፣ የጠፉብንን መልስ፤ ከሁለቱም አገር ጦርነትን አንሣ። አሚን።

ወንድሞቼ! አንድ ማስታወቂያ ብቻ ቀርቷል። በቁርአን ቤቱ ልጆች አንድ ሉሕ ለሦስት እየተሻሙ ነው። አናጢ የሆናችሁ፣ ወይም ትርፍ ጣውላ ያላችሁ፣ ከሶላት በኋላ ስማችሁን ለሙአዚኑ አስመዝግቡ። ማታ ማታ አንድ ሰዓት ለጎረምሶቹ ፊደል ማስቆጠር የሚችልም ካለ እዚያው ይመዝገብ። አሁን ተነሡ፣ ሰልፋችሁን አስተካክሉ። ወአቂሙ-ስ-ሶላህ።